በአቧራ ወር ስለዘነበው የካፊንሳ ዝናብ

ለክቡር አቶ ዋላስ ሲንካላ
የአውራጃው የጎልፍ ክለቦች ኅብረት ሊቀ መንበር
ካፊንሳ

ክቡር ሆይ፤

ጤናዎ እንደ ክለብዎ ሣር የለመለመ፣ ቀንዎም እንደ ክለብዎ በረንዳ ጥላ የቀዘቀዘ ይሁን እያልኩ ይህችን ደብዳቤ እጀምራለሁ። የተከበሩ ባለቤትዎና ልጆችዎ ደኅና እንደሚሆኑ አልጠራጠርም፤ የኅብረቱ ሥራ አስፈጻሚ አባላትም፣ በቅርቡ ካሳተማችሁት መጽሐፍ ፎቶግራፎች እንደተመለከትኩት፣ ከደኅናም አልፈው ወፍረዋል። ለዚህ ሁሉ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። እኔ ፌቢያን ካፓምብዌ እባላለሁ። በማዕድን ማውጫው ዕቃ ግምጃ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት በጸሐፊነት፣ በታዳጊዎች የጎልፍ ሊግ ደግሞ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በውጤት መዝጋቢነት ያገለገልኩ፣ የሙቶሎ ሠፈር ነዋሪ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነኝ። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ማስታወሴ ግን፣ ለእርስዎ ባያመችም፣ እስካሁን አልከዳኝም።

ደብዳቤዬን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ። ከዚህ በፊት በፖስታ የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች በጽሕፈት ቤትዎ መሳቢያ ውስጥ በሰላም ተኝተው እንደሚገኙ ጸሐፊዎ ስለ ነገረችኝ፣ እንቅልፋቸውን ላለመረበሽ ብዬ ሦስተኛውን አገር እንዲያነብልኝ ሰጠሁት።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ወር ነው። ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ትልቅ ፖስታ ለሙቶሎ ክለብ ደረሰ። በውስጡ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ የታዳጊዎች ሊጉን አርባኛ ዓመት በማስመልከት ያሳተማችሁት፣ ወረቀቱ ከማማሩ የተነሣ ፊት የሚያሳይ የታሪክ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ሲሆን፣ ሙቶሎ ክለብ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ከሊጉ የተሰናበተ መሆኑን ያበሥራል። የቤትን የልደት በዓልና የቤቱን የበኩር ልጅ መባረር በአንድ ፖስታ አሽጎ መላክ ከዚህ በፊት ያላየሁት ብልሃት ስለሆነ፣ አድናቆቴን ሳልገልጽ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። እንግዲህ መጽሐፉን መነጽሬን እየወለወልኩ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ምስጋናዬንም እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። በገጽ ሦስት ላይ የሊጉ ሐሳብ የተወለደው በካፊንሳ ክለብ አዳራሽ፣ አራት የተከበሩ ሰዎች ምሳ በበሉበት ገበታ ላይ እንደሆነ ተጽፏል። የአራቱም ስም፣ የበሉት የሥጋ ዓይነት፣ የጠጡት ወይን ጠጅ እንኳ ሳይቀር ተጠቅሷል። ታሪክ ጸሐፊያችሁ ለዝርዝር ያለውን ፍቅር አደንቃለሁ። የጎደለው ነገር ቢኖር እውነቱ ብቻ ነው።

እውነቱን ለማያውቁ አንባቢዎች ልንገራቸው። በሙቶሎ ከጥቁሩ የማዕድን ቆሻሻ ኮረብታ ሥር ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው የጎልፍ ሜዳ አለን። ሣር የሚባል አይበቅልበትም። ኳሱ ወደ ጉድጓዱ የሚንከባለልበት ቦታ በተቃጠለ የሞተር ዘይት የታሸ አሸዋ ነው። ይህን ሜዳ የሚንከባከቡት ዲክሰን ቺፓሎ የተባሉ፣ እኛ በአክብሮት ባ ዲክሰን እያልን የምንጠራቸው ሰው ነበሩ። ከመሬት በታች ሲሠሩ ቋጥኝ እግራቸውን ስለ ሰበራቸው ኩባንያው ወደ ላይ አውጥቶ ሜዳውን ሰጣቸው። በየማለዳው ከአሮጌ የማዕድን ማመላለሻ የተቆረጠ የላስቲክ ቁራጭ በገመድ አሥረው፣ እያነከሱ አሸዋውን በክብ በክብ ይጎትቱበትና እንደ ብራና ያስተካክሉት ነበር።

የሠፈሩ ልጆች ደግሞ በሜዳው ኩሬ ውስጥ እየዋኙ የጠፉ ኳሶችን ማውጣትና መልሰው ለባለቤቶቻቸው መሸጥ የሚባል ሙያ ነበራቸው። አንድ ቀን ባ ዲክሰን ስምንቱን በአንድ ላይ ያዟቸው። ልጆቹ ልብሳቸው ውኃ እያንጠባጠበ ዱላ እስኪያርፍባቸው ተሰልፈው ጠበቁ። ዱላው መጣ፤ የጎልፍ ዱላ ነበር። ለመጀመሪያው ልጅ ሰጡትና፣ «ኳስ ከውኃ ማውጣቱን ታውቁበታላችሁ። አሁን ደግሞ ውኃ ውስጥ አለመክተትን ተማሩ» አሏቸው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ባ ዲክሰን በግምጃ ቤቱ መስኮት በኩል ብቅ አሉና ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ፤ ፊደል አልቆጠሩም ነበርና። ደብዳቤው ለሉኩንጉ ክለብ ሜዳ ጠባቂ ነበር። የጻፍኩት ሁሉ ይኸው ነው፦ «እኛ ስምንት ልጆች አሉን። እናንተስ?» መልሱ በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ ተጽፎ በማዕድኑ መኪና መጣ፦ «ዘጠኝ። አንዱ ግን ሲሸነፍ ያለቅሳል።» ክቡር ሆይ፣ ሊጉ የተወለደው በዚህች ወረቀት ሁለት ገጽ ላይ ነው። ሥጋም ወይን ጠጅም አልነበረም። የሉኩንጉ ልጆች ስኳር ድንች በተጫነ መኪና ላይ፣ ከጆንያው አናት ተቀምጠው መጡ። ለዐሥራ ሰባት ልጆች አራት ዱላ ብቻ ስለነበረን፣ አንዱ መትቶ እንደ ጨረሰ ዱላውን ይዞ ሜዳውን አቋርጦ እየሮጠ ለሚቀጥለው ያቀብል ነበር። ከማን ጋር ማን እንደተጋጠመ እስኪጠፋኝ ድረስ ስሮጥ ውዬ፣ በመጨረሻ የባ ዲክሰን ባለቤት በሠሩት ንሺማ በተባለ የበቆሎ ገንፎና በደረቅ ዓሣ ዙሪያ ሁሉም ልጅ እኔ ነኝ ያሸነፍኩት ሲል አመሸ። የሚያለቅሰው ልጅም አለቀሰ።

ካፊንሳ የገባው በሦስተኛው ዓመት ነው። ማንም አልጠራውም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንዲሉ፣ የካፊንሳ የክለብ አባላት ልጆቻቸውን በየግል ጫማቸውና በየግል ቦርሳቸው አስይዘው መጡ፤ እኛም የመጣን እንግዳ መመለስ ስለማናውቅ ተቀበልናቸው። በመጀመሪያው ዓመት በአሸዋችን ላይ ስድስት ለሁለት ተሸነፉ። በማግስቱ የካፊንሳ ኮሚቴ ሊጉ ሥርዓት ያለው አስተዳደር እንደሚያስፈልገው ተረዳ። ደንብ ተጻፈ፣ ማኅተም ተቀረጸ፣ ዋንጫ ተገዛ፣ ፍጻሜው በየዓመቱ በሣር ሜዳ ላይ፣ ማለትም በካፊንሳ እንዲሆን ተወሰነ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚለው ተረት ለእኛ የተተረተ ይመስለኛል። ሞፈሩን በመቁረጣችሁ አልከፋም። የዛሬው ምስጋናዬ «ዛፉንም ራሳችን ተከልነው» ስላላችሁን ነው።

ሁለተኛ። በገጽ ዐሥራ አንድ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ አለ። ከፊት ስድስት የካፊንሳ ሹማምንት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የሁሉም ስም ከነማዕረጉ ከሥር ተዘርዝሯል። ከኋላቸው አንድ እግሩ አጠር ያለ ሰው የአሸዋ መጎተቻ ገመዱን በትከሻው ይዞ ቆሟል። ከሥሩ የተጻፈው «አንድ ሠራተኛ» የሚል ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። በዚህ ቁጥር ሥር የምጨምረው የለኝም።

ሦስተኛ። አሁን ወደ ዝናቡ እመጣለሁ።

በገጽ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ፣ ሊጉ በተጀመረ በስምንተኛው ዓመት ሐምሌ ውስጥ በሙቶሎና በካፊንሳ መካከል ሊደረግ የነበረው የፍጻሜ ውድድር «በድንገተኛ ከባድ ዝናብ ምክንያት ሳይካሄድ ቀርቷል፤ ዋንጫውም በአዘጋጁ ክለብ እንዲቆይ ተደርጓል» ይላል። ክቡር ሆይ፣ እዚህ አገር የተወለደ ሕፃን ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በእኛ ሰማይ ላይ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ጠብታ አይወርድም። ሐምሌ ብርድና አቧራ ብቻ ነው። የሙቶሎ ሴቶች በዚያ ወር ለአንድ ባልዲ ውኃ ግማሽ ቀን ይሰለፋሉ። እናንተ ከባድ ዝናብ እያዘነባችሁ ለብቻችሁ መያዛችሁን ብናውቅ ኖሮ፣ ባልዲያችንን ይዘን በመጣን ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ወደ ሰማይ ሲለከክ ግን በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ያን ቀን እኔ እዚያው ነበርኩ። ስለዚህ የሆነውን ልናገር።

ስምንቱ ግጥሚያ ተጠናቆ አራት ለአራት ነበርን። ዋንጫው የሚለየው በዘጠነኛውና በመጨረሻው ግጥሚያ ነበር። ከሙቶሎ በኩል የተሰለፈው ተጫዋች በመዝገቤ ላይ «ም. ቺፓሎ» ተብሎ የተጻፈ፣ የባ ዲክሰን የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ከካፊንሳ በኩል የተሰለፈው ደግሞ የክለቡ ኮሚቴ ጸሐፊ የነበሩት ሰው የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። እኔ ውጤት መዝጋቢ ስለሆንኩ ከሁለቱ ጋር ጉድጓድ ለጉድጓድ ስሄድ ዋልኩ። ፀሐዩ ዐይን ይወጋ ስለነበር ሁለቱም ቆብ ደፍተዋል። የእኛዋ የደፋችው ያባቷን ቆብ ነው፤ እስከ ጆሮዋ ይደርሳል።

እኛዋ አልኩ። አዎ፣ ም. ማለት ምዌንያ ማለት ነው፤ ሴት ልጅ ነበረች። ያንን የደበቀ ሰው አልነበረም፤ የጠየቀም ሰው አልነበረም። በሙቶሎ አሸዋ ላይ ኳስ የሚመታ ልጅ ሁሉ ልጅ ነው።

በአራተኛው ጉድጓድ ላይ ምቷን ጮክ ብላ ስትቆጥር የካፊንሳው ልጅ ድምፅዋን ሰምቶ ቀና አለ።

«አንተ፣ ሴት ነሽ እንዴ?» አላት።

«ብሆንስ?»

ልጁ ትንሽ አሰበ። «ምንም። መምታቱ ያንቺ ተራ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ግጥሚያው ከካፊንሳ ሜዳ ዐሥራ ስምንት ጉድጓዶች ብዙውን ያሸነፈ የሚረታበት ነበር። ልጁ ጎበዝ ነበር፤ በሣሩ ላይ ያደገ፣ ክንዱ የተፍታታ። እሷ ደግሞ በአሸዋ ላይ ያደገች ስለሆነች ኳሷ በሣር ላይ እንዴት እንደሚሮጥ ለመላመድ አምስት ጉድጓድ ፈጀባት። በዘጠነኛው እኩል ሆኑ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀደመችው። በዐሥራ አራተኛው ኳሷ ከዛፍ ሥር ገብቶ ሁላችንም አለቀላት ስንል፣ ጀርባዋን ለጉድጓዱ ሰጥታ በተገለበጠ ዱላ አወጣችው፤ ያንን ጉድጓድም ወሰደች። ዐሥራ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ሁለት ጉድጓድ እየቀረ በሦስት መራች። አለቀ ማለት ነው፤ የቀረውን ሁለቱን ቢያሸንፍ እንኳ አይደርስባትም።

ልጁ የመጨረሻዋን ኳስ ወደ ጉድጓዱ ስትገባ አየ። ከዚያ ቆቡን አወለቀ፣ ወደ እሷ ሄደ፣ እጁን ዘረጋ። እሷም ካባቷ እንደ ተማረችው፣ ቆቡን ላወለቀላት ቆቧን አወለቀችና እጁን ጨበጠች። እናቷ በማለዳ የጎነጎነችው ሹሩባ ተዘርግፎ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። በበረንዳው ላይ የነበሩት ሹማምንት አዩ። ይቺ ልጅ የተቀጣችው ጨዋ በመሆኗ ነው፤ ቆቧን ደፍታ ባለጌ ብትሆን ኖሮ ዋንጫው ዛሬ ሙቶሎ ነበር።

ለካስ በክለባችሁ አዳራሽ ውስጥ ሴቶች ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ሜዳ ላይ እንዳይገኙ የሚያዝ ሰሌዳ ተሰቅሎ ኖሯል። ቀኑ ቅዳሜ፣ ጊዜው ሰባት ሰዓት ነበር። ባ ዲክሰን ያንን ሰሌዳ ማንበብ አይችሉም ነበር። እኔ ማንበብ እችላለሁ፤ ነገር ግን ሰሌዳው የተሰቀለው የእኛ ቢጤ እንዲገባበት ባልተፈቀደበት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ልንገባበት በማንችልበት ቤት ያለን ደንብ አላከበርንም ተባልን።

የኮሚቴው ጸሐፊ ወደ ደረጃው ወጥተው፣ ግጥሚያው ከደንብ ውጭ ስለተደረገ እንዳልተደረገ ይቆጠራል፣ ዋንጫውም ካፊንሳ ይቆያል ብለው አስታወቁ። ባ ዲክሰን እያነከሱ ወደ ደረጃው ሥር ሄዱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ጌታዬ፣ ልጅቷ ያሸነፈችው ሰዓቱን አይደለም። ልጁን ነው» አሏቸው። ጸሐፊው፣ ባ ዲክሰን ለአሸዋ ጎታች ከሚገባው በላይ እንደተናገሩና መኪናችን እየጠበቀን እንደሆነ ገለጹላቸው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ሆነ። ልጁ ቆቡን በእጁ እንደያዘ በሰው መካከል ወደ አባቱ ቀረበ። «አባዬ፣ አሸንፋኛለች እኮ። ጨርሰናል» አለ። ሁሉም ሰው ሰማው። አባትየው መኪና ውስጥ እንዲገባ አዘዙት። አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛ ሲያዙት ክንዱን ይዘው ነበር፤ ገባ።

ያ ልጅ እርስዎ ነዎት፣ አቶ ዋላስ።

የእኛ ልጆች በመኪናው ጭነት ላይ ተቀምጠው ወደ ሙቶሎ ተመለሱ። ሠፈር ልንደርስ ስንል ምዌንያ አባቷን፣ «መጥፎ ነበር እንዴ አጨዋወቴ?» ብላ ጠየቀች። ባ ዲክሰን መንገዱን እያዩ ነበር። እኚያን ሰው ለሃያ ዓመት አውቄያቸዋለሁ፤ እግራቸው ሲሰበር እንኳ የቀለዱ ሰው ነበሩ። ያን ቀን ግን አልቀለዱም። በማግስቱ ማለዳ ወጥተው አሸዋቸውን ጎተቱ፤ እሷንም አስከትለው ወሰዷት። ካፊንሳን ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ አልረገጡትም፤ ልጆቹን ግን በየዓመቱ ከመላክ አላቆሙም። በድንጋይ አቧራ በተበላ ሳንባ ሞቱ። በቀብራቸው ላይ ከካፊንሳ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ምናልባት ያን ቀንም ዘንቦባችሁ ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ለሊቀ መንበሩ ሳይሆን ለዚያ ልጅ ነው፤ ሊቀ መንበሩ ቢያገኙት ያድርሱልኝ። እኛ ሙቶሎ ውስጥ ልጆችን መሸነፍ የምናስተምረው በእሱ ነው። ማሸነፍን ማንም ያስተምራል፤ መሸነፍ ግን አስቸጋሪ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ከሉኩንጉው ልጅ ጀምሮ እናውቀዋለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ተሸንፎ የሚያኮርፍ ልጅ ሲኖር ባ ዲክሰን «እንደ ካፊንሳው ልጅ» ይሉት ነበር። ቆብህን አውልቅ፣ እጅህን ዘርጋ፣ አሸንፋኛለች በል ማለት ነው። ዛሬም በአባቷ ቦታ ልጆቹን የምታሠለጥነው ምዌንያ እንደዚያው ትላለች። ስሙን ያልሰሙት፣ መልኩን ያላዩት ልጆች ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ካፊንሳው ልጅ ሲሸነፉ አድገዋል። ክቡር ሊቀ መንበር፣ ታሪክ ጸሐፊያችሁ ያንን ዝናብ ሲጽፍ ያጠበው የምዌንያን ድል አይመስለኝም፤ እሷ ማሸነፏን ታውቃለች። ያጠበው በመላው አውራጃ ውስጥ ካፊንሳን በመልካም የምናነሣበትን ብቸኛውን ሰው ነው። በመግቢያው ላይ የእያንዳንዱን ገጽ እውነተኛነት ራስዎ አንብበው እንዳረጋገጡ ጽፈዋል። ለልጆቹ ምን ልንገራቸው?

ምዌንያን ስለ ገጽ ዐሥራ ዘጠኝ ጠየቅኋት። እንደ አባቷ ስለምታየኝ ባታታ ትለኛለች። ቆማ አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ትንሽ ሳቀች። «ባታታ፣ ያን ቀን የነበረው ጥማት አሁንም ትዝ ይለኛል። ዝናብ ቢኖር ኖሮ አፌን ከፍቼ እጠጣው ነበር» አለችኝ። ከዚያ ልጆቹ እየጠበቋት ስለነበር ወደ ሜዳው ሄደች።

አራተኛ። በደብዳቤያችሁ መሠረት ሙቶሎ የተሰናበተው «የአሸዋ ሜዳ ለታዳጊዎች ዘመናዊ ዕድገት ተስማሚ ሆኖ ባለመገኘቱ» ነው። ይህን ለመገንዘብ አርባ ዓመት ብቻ ስለ ፈጀባችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ። በዚህ ተስማሚ ባልሆነ አሸዋ ላይ ያደጉ ልጆች ዋንጫውን ዐሥራ አንድ ጊዜ እንደ ወሰዱ በራሳችሁ መጽሐፍ ገጽ አርባ ሁለት ላይ፣ በጣም በደቃቃ ፊደል፣ ተጽፏል። አጉሊ መነጽር ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ቢታደል ጥሩ ነበር።

ምዌንያ ይህን የስንብት ደብዳቤ ለሃያ ሁለቱ የሜዳው ልጆች ያነበበችላቸው ዕለት እኔም ነበርኩ። አንድ ጭምት ልጅ እጁን አውጥቶ፣ ሣር እስኪበቅል ብንጠብቅ ይመልሱናል ወይ ብሎ ጠየቀ። እሷም እዚህ መሬት ላይ ሣር እንደማይበቅል፣ እነሱ ግን እንደሚበቅሉ ነገረችው። በሚቀጥለው እሑድ ወደ ሉኩንጉ ሄደች። የቀድሞው ሜዳ ጠባቂ ልጅ ዛሬ የክለቡ ኃላፊ ነው፤ እንዳጋጣሚ ሆኖ እንደዚያን ጊዜው ዘጠኝ ልጆች አሏቸው፤ ስለሚያለቅስ ልጅ አልጠየቅንም። ሁለት ሌሎች ትንንሽ ክለቦችም እኛን ካሰናበታችሁ ቀጥሎ የእነሱ ተራ እንደሆነ ስለተረዱ፣ ተራቸው እስኪደርስ አልጠበቁም። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በሙቶሎ አሸዋ ላይ አራት ክለቦች ይጋጠማሉ። ሴትም ወንድም በፈለገው ሰዓት ይጫወታል። ደንባችን አንድ ገጽ ነው፤ የተለጠፈውም ከቤት ውጭ ነው፤ ማንበብ ለማይችል ሰው እኔ ቆሜ አነብለታለሁ። የካፊንሳ ልጆች መምጣት ከፈለጉ፣ ጫማ ኖራቸውም አልኖራቸውም፣ እንደ ድሮው እንቀበላቸዋለን።

ከእርስዎ የምንለምነው ነገር የለም። እንድትመልሱን አንጠይቅም። መጽሐፉን እንድታርሙትም አንጠይቅም፤ በእንዲህ ያለ ውድ ወረቀት ላይ የታተመን ውሸት ማረም ለወረቀቱ አሳዛኝ ይሆናል። ለአርባ ዓመት ሞግዚትነታችሁ፣ ላወጣችሁልን ደንብ፣ ለቀረጻችሁልን ማኅተም፣ በተለይም ለዝናቡ፣ የሙቶሎ ሠፈር ሕዝብ ባለው ድምፅ ሁሉ ያመሰግናችኋል።

በሹመትዎ ያጽናዎ፣ ወንበርዎን ያስፋልዎ፣ የሚያጨበጭብልዎን አያሳጣዎ፣ ከሚጠይቅዎም ይሰውርዎ እያልኩ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ከደረጃው ሥር ቆሜ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥና አሰልቺ አገልጋይ፣
ፌቢያን ካፓምብዌ
የቀድሞ ውጤት መዝጋቢ፣ ሙቶሎ

ማስታወሻ፦ ያን ዕለት ኮሚቴው የውጤት ካርዱን እንዳስረክብ አዞኝ አስረክቤያለሁ፤ ዐይኔ እያየም ተቀደደ። ነገር ግን በዚህ ዓይነት ግጥሚያ ካርዱ በሁለት ቅጂ እንደሚሞላ ከተቆጡት ሹማምንት መካከል ያስታወሰ ስላልነበረ፣ ሁለተኛውን እስከ ዛሬ በጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ከቅዳሜ ጀምሮ በሜዳችን መግቢያ ላይ በመስተዋት ውስጥ ተሰቅሎ ይታያል። የዝናብ ጠብታ ያረፈበት ቦታ የለም። ከታች የተሸናፊው ፊርማ አለ። በመጽሐፉ መግቢያ ሥር ካኖሩት ፊርማ ጋር ጎን ለጎን አስተያየሁት፤ እጅዎ ብዙም አልተለወጠም። ልዩነቱ ያኔ ስምዎን እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ አጥርተው ይጽፉት የነበረ መሆኑ ብቻ ነው።